«አንድ ሌሊት አያድሩም» ስለተባሉት ባሕረኞች፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የሚያወራው እኔ በጣም ስለምወደው የልብወለድ ዓይነት ነው። የጥንት ባሕረኞች ከነመርከባቸው ከዘመናቸው ይነጠቁና ሙታን የሚነሱበት፣ አጋንንት የሚርመሰመሱበት፣ ዓለም እያለቀች ያለችበት ዘመን ላይ ይጣላሉ። ጸሐፊው ይህን ዓይነት ታሪክ ከነሥሩ ሊነቅሉት ነው የተነሱት። ክርክራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሰዎቹ በአጉል እምነት የተሞሉ ስለሆኑ ከፍርሃት የተነሳ አንድ ሌሊት አያድሩም፤ መሣሪያቸው ኋላ ቀር ነው፤ ረሃብና በሽታ ይፈጃቸዋል፤ ሰማዩ ተቀይሮ ስለሚጠብቃቸው መንገድ ይጠፋባቸዋል፤ በመጨረሻም እርስ በርሳቸው ይተላለቃሉ። ስለዚህ «ለእንዲህ ዓይነት ታሪክ የሚሆነው ዘመናዊ ወታደር እንጂ ባሕረኛ አይደለም» ብለው ይደመድማሉ።

እኔ አልስማማም። ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል፣ እውነት ያላቸው ነጥቦችም አሉት፤ ቦታቸው ላይ ስደርስ አነሳቸዋለሁ። ዋናው ነገር ግን አምልጧቸዋል። ጸሐፊው ያዩት ሰዎቹን ብቻ ነው፤ መርከቧን አላዩዋትም። ለወራት ከየብስ ርቃ የምትጓዝ መርከብ ከውጭ ማንም የማይደርስላት ትንሽ ዓለም ናት። ምግቡም ውሃውም በልክ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዘብ ይቆማል። የተሰበረ ነገር ካለ የሚጠግነው እዚያው ያለ ሰው ነው። ዓለም ሲያልቅ የሚያስፈልገው እኮ ይኸው ነው! ባሕረኞቹ ደግሞ ይህን ኑሮ ዓለም ሰላም በነበረችበት ጊዜም ኖረውታል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከፍርሃቱ እንጀምር። የሞተ ሰው ተነስቶ ሲሄድ ያየ ቫይኪንግ (የጥንት የሰሜን አውሮፓ ባሕረኛ) ተንበርክኮ ያለቅሳል ይላሉ ጸሐፊው። የቫይኪንጎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ያወረሱንን ታሪክ ቢያዩት ኖሮ እንዲህ የሚሉ አይመስለኝም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አይስላንድ ውስጥ ከተጻፉት ሳጋ ከሚባሉት ረጃጅም ትረካዎች አንዱ ኤይርቢግያ ይባላል። እዚያ ውስጥ ፍሮዳ የሚባል የእርሻ ቤት አለ። የቤቱ ጌታ ቶሮድ ከሰዎቹ ጋር ባሕር ላይ ይሰጥማል። ለሟቾቹ በተደገሰው ድግስ ላይ እነዚያው የሰጠሙት ሰዎች ውሃ እያንጠባጠቡ ይገቡና እሳቱ ዳር ይቀመጣሉ። ደጋግመው ይመጣሉ። ቀጥሎ ደግሞ ተቀብረው የነበሩ ሌሎች ሙታን ልብሳቸው ላይ ያለውን አፈር እያራገፉ ይገባሉ። ቤተሰቡ ምን አደረገ? መጀመሪያ እሳቱን ለሙታኑ ለቀቀላቸውና ለራሱ ሌላ እሳት አነደደ። ከዚያ ስኖሪ የሚባለውን አለቃ ምክር ጠየቀ። የመዓቱ መነሻ ነው የተባለውን የአልጋ መጋረጃ አቃጠለ። ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ነው እኔን የሚያስደንቀኝ፦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ችሎት አቁመው ሙታኑን ከሰሷቸው። ክሱ ያለ ፈቃድ በሰው ቤት መመላለስና የሰውን ሕይወትና ጤና መንሳት ነበር። ምስክር ቀረበ፣ ፍርድ ተሰጠ። እያንዳንዱ ሙት የተፈረደበት ጊዜ ብድግ ብሎ ወጣ።

ይህ በእርግጥ ሆኗል ወይስ አልሆነም የሚለው አሁን ጉዳያችን አይደለም። ጉዳያችን ሰዎቹ ሙት ሲነሳ ምን እንደሚደረግ አስቀድመው አስበውበት ነበር የሚለው ነው። ማንን እንደሚያማክሩ፣ ምን እንደሚያቃጥሉ፣ በምን ሕግ እንደሚያስወጡት ያውቃሉ። የዛሬ ሰው ይህ የለውም። የመጀመሪያውን ቀን «ይሄ ሊሆን አይችልም» በማለት ይጨርሰዋል፣ ሁለተኛውን ቀን ሌላ ማብራሪያ ሲፈልግ፤ እንዲህ ዓይነት ታሪክ ላይ ደግሞ ሦስተኛው ቀን የለም። ጸሐፊው አጉል እምነት ብለው የናቁት ነገር እዚህ ታሪክ ውስጥ ሲገባ ትልቅ ስንቅ ይሆናል።

ፍርሃት የለም እያልኩ ግን አይደለም። ፈርቶ ሥራን መቀጠል የባሕረኛ ልማድ ነው እያልኩ ነው። በሐምሌ 1881 የእንግሊዟ ኢንኮንስታንት መርከብ በአውስትራሊያ አቅራቢያ ስትጓዝ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ቀይ ብርሃን የለበሰ የሙት መርከብ እንደታየ ተመዝግቧል። በኋላ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የሆነው ልዑል በዚያ ጉዞ ላይ ነበር፣ ነገሩም በጉዞው ማስታወሻ ታትሟል። 13 ሰዎች አይተውታል። መጀመሪያ ያየው መርከበኛ በዚያው ጠዋት ከምሰሶ ላይ ወድቆ ሞተ። መርከቧ ምን አደረገች? ያየችውን መዘገበች፣ ሟቹን ቀበረች፣ ጉዞዋን ቀጠለች። በቃ።

ወደ መሣሪያው ልለፍ። «በጎራዴና በአሮጌ ጠመንጃ የት ይደርሳሉ?» ይላሉ። ባሩድ ያልቃል፣ እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ነገር ግን በሸራ ዘመን የጦር መርከብ ከሚፈራቸው ነገሮች አንዱ ጠላት ተጠግቶ ዘሎ መግባቱ ነበር፤ ስለዚህ ለእሱ ተዘጋጅቶ ነው የሚኖረው። በመርከቡ ጎንና ጎን የገመድ መረብ ወደ ላይ ይወጠራል። ለመውጣት የሞከረ መረቡ ላይ ሲንጠለጠል ከውስጥ በረጅም ጦር ይወጋል። ጦሮቹ በምሰሶው ዙሪያ ቀጥ ብለው ተደርድረው ይቀመጣሉ፣ በጨለማም ቢሆን ማንም ሮጦ እንዲያነሳቸው። አሁን እያሰቡ ያንብቡት፦ ከታች ሳያስብ የሚንጠራራ የሙታን መንጋ አለ፣ መሃል ላይ መረብ አለ፣ ከላይ ደግሞ ይህንኑ ደጋግሞ የተለማመደ ሰው ረጅም ጦር ይዞ ቆሟል። ከዚህ የተሻለ ዝግጅት ያለው የከተማ ሕንፃ እኔ አላውቅም። የሚበር ጋኔን ከመጣ ሌላ ነገር ነው፤ ለእሱ ዘመናዊው ወታደርም መልስ የለውም።

ጸሐፊው በጣም የተማመኑበት ነጥብ ረሃብና በሽታ ነው፣ እኔም ረዘም አድርጌ የምመልሰው እሱን ነው። አዎ፣ ባሕር ላይ ሰው በረሃብ ያልቃል። በ1519 ከስፔን የተነሳው የማጄላን ጉዞ 5 መርከቦችና 270 ገደማ ሰዎች ነበሩት፤ በ1522 ዓለምን ዞራ የተመለሰችው ቪክቶሪያ 18 ሰው ብቻ ይዛ ነው የገባችው። አብሯቸው የተጓዘው ፒጋፌታ እንደጻፈው ፓስፊክን ሲያቋርጡ 3 ወር ከ20 ቀን ትኩስ ምግብ አላገኙም። ትል የበላውን የብስኩት ዱቄት በሉ። ከምሰሶ እንጨት ላይ የተገፈፈ ቆዳ አራት አምስት ቀን ባሕር ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ፍም ላይ ጠብሰው በሉ። አይጥ በግማሽ ዱካት (የወርቅ ሳንቲም) ይሸጥ ነበር፣ እሱም ቢገኝ ነው።

ግን ይህንኑ ታሪክ ገልብጠን እንየው። እነዚህ ሰዎች በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆነውም መርከብ ነድተዋል። ሸራ ጠግነዋል። ዘብ ቆመዋል። ረሃብ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ረሃብን ማከፋፈል ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እዚህ ላይ ካፒቴን ብላይን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም።

በሚያዝያ 1789 ባውንቲ የምትባለው መርከብ ላይ አመፅ ተነሳና ብላይ ከ18 ሰዎች ጋር 7 ሜትር በምትሆን ክፍት ጀልባ ላይ ተጣለ። ካርታ አልነበረውም። መጀመሪያ ያረፉበት ቶፉዋ ደሴት ላይ አንድ ሰው ተገደለባቸው። ከዚያ በኋላ 6,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ ከተጣሉ በ47ኛው ቀን ቲሞር ሲደርሱ የቀሩት በሙሉ በሕይወት ነበሩ። እንዴት? ብላይ ከሁለት የኮኮናት ቅርፊት ሚዛን ሠራ። ለመመዘኛ የሽጉጥ ጥይት ተጠቀመ፤ 25ቱ አንድ ላይ አንድ ፓውንድ ይመዝናሉ። ለአንድ ሰው ለአንድ ጊዜ የሚደርሰው ዳቦ የአንዲት ጥይት ክብደት ነበር፣ 18 ግራም ገደማ። ከእሱ ጋር ጥቂት ጉንጭ ውሃ። ሁሉም ሰው በየቀኑ ሚዛኑን በዓይኑ ያያል፤ ማንም ማንንም «የኔን ወሰድክ» ሊል አይችልም። ዓለም ስታልቅ የተረፉ ሰዎች ተሰባስበው የምናነብበትን ታሪክ አስቡ። ሁልጊዜ የሚጣሉት በጓዳው ነው። ይህን ጠብ በሁለት የኮኮናት ቅርፊት የሚያስቆም ሰው ካለ እኔ የማውቀው ባሕረኛ ነው።

በቫይታሚን ሲ እጥረት ስለሚመጣው በሽታ፣ ስለ ስከርቪ፣ የጻፉት ደግሞ ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ከየት ዘመን መጡ በሚለው ይወሰናል። ጸሐፊው «የጥንት ባሕረኛ» ብለው ሁሉንም አንድ ላይ አጨቁት። በ1740 ከእንግሊዝ የወጣው፣ አንሰን የሚባል አዛዥ የመራው የባሕር ጦር 1,900 ገደማ ሰው ይዞ ተነስቶ ከ1,300 በላይ በበሽታ አጥቷል፣ አብዛኛው በስከርቪ። ጄምስ ሊንድ የሚባል የመርከብ ሐኪም በ1747 ሳልስበሪ መርከብ ላይ 12 ሕሙማንን ለይቶ ሞከረና ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ቶሎ እንደዳኑ አየ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ግን የሎሚ ጭማቂ በሰፊው ማደል የጀመረው በ1795 ነው። እንግዲህ መርከባችሁ ከ1741 የተነጠቀች ከሆነ ሰዎቹ ድዳቸው እየደማ ነው የሚመጡት፤ ከ1805 ከሆነ ግን በርሜል ሙሉ የሎሚ ጭማቂ ይዘው ነው። ልብወለድ ለሚጽፍ ሰው ይህ ስጦታ ነው። አንድ የዛሬ ተራ ሰው ከፈራረሰ መድኃኒት ቤት ያወጣት የቫይታሚን ሲ ጠርሙስ ለ1741ዱ ካፒቴን ከወርቅ ትበልጣለች።

ተላላፊው መቅሰፍት ሲነሳ ጸሐፊው የባሰውን ስህተት ሠርተዋል። ባሕረኞቹ ስለ መተላለፍ ምንም ስለማያውቁ የተነከሰውን ሰው ወደ ውስጥ ያስገባሉ ብለዋል። ኳራንቲን፣ ማለትም በበሽታ የተጠረጠረን ለይቶ ማቆየት፣ እኮ የባሕር ሰዎች ሥራ ነው። ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው ራጉዛ በ1377 በሽታ ካለበት አገር የመጣ ሁሉ ከከተማው ርቆ 30 ቀን እንዲቆይ ደነገገች። ቬኒስ በ1423 ለሕሙማን ብቻ የሚሆን ደሴት ለየች፣ የቆይታውም ጊዜ ወደ 40 ቀን አደገ። ጀርም የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቁ መለየትን ያውቁ ነበር። የቬኒስ መርከበኛ የተነከሰ ሰው ቢመጣበት የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ቀን ሆነው?» የሚል ነው።

እውነተኛውን አደጋ ልንገራችሁ፤ ወደብ ነው። ካፒቴን ኩክ በኤንደቨር ጉዞው በስከርቪ ሰው እንዳይሞትበት ተጠንቅቆ ተሳክቶለት ነበር። በ1770 ለጥገና የዛሬዋ ጃካርታ ሲገባ ግን ወባና ተቅማጥ ያዛቸውና እዚያና ከዚያ በኋላ በነበረው መንገድ ላይ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ከፓስፊክ ደሴቶች አብሯቸው የመጣው ታላቁ መንገድ አዋቂ ቱፓያም እዚያው ቀረ። ስለዚህ ባሕረኞቹን የሚገድል ደራሲ ካለ ወደ ከተማ ያስገባቸው። የሚያድናቸው ደግሞ መልሕቃቸውን ከዳር አርቀው እንዲጥሉ ያድርግ።

«ሰማዩ ተቀይሮ ይጠብቃቸዋል» የሚለው ነጥብ ብልህ ነው፣ ሳነበው ወደድኩት። እውነት ነው፣ የሰሜን ኮከብ ቦታ በዘመናት ይንሸራተታል። በ1500 አካባቢ ከሰማዩ ዋልታ (ከዋክብት ከሚዞሩበት ነጥብ) 3.5 ዲግሪ ያህል ርቆ ይዞር ነበር፤ ዛሬ ከ1 ዲግሪ በታች ነው። የፖርቱጋል የመርከብ መሪዎች ይህን ልዩነት የሚያርሙበት ሕግ በቃላቸው ይዘው ነበር። ያንኑ እርማት ዛሬ ላይ ቢጠቀሙ እስከ 300 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊስቱ ይችላሉ። ድንጋይ ባለበት ባሕር ይህ ሞት ነው።

ነገር ግን ሙያውን የሚያውቅ መሪ አንድ ረጅም ሌሊት ይበቃዋል። ኮከቡ ከዋልታው በላይ ሲሆን ከፍታውን ይለካል፣ በታች ሲሆን ይለካል፣ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ይከፍላል። በሁለቱ ልኬቶች መሃል ያለው ልዩነት ማነሱን ሲያይ ደግሞ እዚያው ኮከቡ ወደ ዋልታው መጠጋቱን ይደርስበታል። ይህን ትዕይንት ማንበብ እፈልጋለሁ! ከየት ዘመን እንደመጡ ማንም ሳይነግራቸው፣ አንድ ሽማግሌ መሪ ከሌሊት ልኬቱ ተነስቶ ብዙ መቶ ዓመት እንዳለፈ ሲረዳ።

ሰማዩ ጭራሽ ቢጠቁርስ? በምጽዓት ታሪክ ይህ የተለመደ ነው። ያኔም ቢሆን የባሕሩን ጥልቀት የሚለኩበት ገመድና ጫፉ ላይ የሚታሰር እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት አለ። የእርሳሱ ክብደት ከታች ጎድጓዳ ነው፤ እሱ ውስጥ ሞራ ይሞላበትና ይወረወራል። ወለሉን ሲነካ ሞራው ላይ አሸዋ፣ ጭቃ ወይም የዛጎል ስባሪ ይጣበቃል። መርከበኛው አውጥቶ ያየዋል፣ በጣቱ ያሻሸዋል፣ አንዳንዱም ይቀምሰዋል፤ የት እንዳሉ ከዚያ ይገምታሉ። ገመዱ ላይ ጥልቀቱን የሚያሳዩት ምልክቶች ደግሞ ቆዳና የተለያየ ዓይነት ጨርቅ ናቸው፣ በድቅድቅ ጨለማ በእጅ ዳሰሳ እንዲለዩ። የፓስፊክ ሰዎች ደግሞ ከዚህም ያልፋሉ። በ1976 ማው ፒያሉግ ሆኩሌአ የምትባለውን ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ያለ አንድ መሣሪያ ከሃዋይ እስከ ታሂቲ መርቷል፣ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ። ኮከብ ሲሸፈን የሚከተለው የማዕበሉን አቅጣጫ ነው፣ ጀልባዋ በምትናወጥበት ሁኔታ። ሳተላይት ሲጠፋ ዛሬ እኛ መንደራችንን እንኳ ለቅቀን መውጣት ያቅተናል።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ። «ሕግ ሲጠፋ እርስ በርስ ይተላለቃሉ» ብለዋል፣ ምሳሌያቸውም ባታቪያ ናት። ምሳሌው ትክክል ነው፣ አስፈሪም ነው። የሆላንዷ ባታቪያ በ1629 ከአውስትራሊያ ምዕራብ ዳርቻ ወጣ ካሉ ደሴቶች ላይ ተሰበረች። አዛዡ እርዳታ ፍለጋ በጀልባ ወደ ጃቫ ሲሄድ ዬሮኒመስ ኮርኔሊስ የሚባል ሰው ሥልጣኑን ያዘና ከ100 በላይ ሰው አስገደለ፤ ሴቶችና ሕፃናትም አሉበት። ጋኔን አላስፈለገም።

ግን ጸሐፊው ታሪኩን መሃል ላይ ነው የቆረጡት። ዊቤ ሃይስ የሚባል ተራ ወታደር ከጥቂት ሰዎች ጋር ውሃ ፈልጉ ተብሎ ያለ መሣሪያ ወደ ሌላ ደሴት ተልኮ ነበር፤ እዚያው በውሃ ጥም እንዲያልቁ ታስቦ። ውሃ አገኙ። ከእልቂቱ ያመለጡ ሰዎች ወደነሱ ሲመጡ ምን እየሆነ እንዳለ ሰሙ። ከስብርባሪው ከተለቀመ ብረትና ሚስማር መሣሪያ ሠሩ፣ ድንጋይ ከምረው ምሽግ ቀለሱ፣ በሙስኬት (በድሮ ጠመንጃ) የመጣባቸውን ጥቃት እየመለሱ አዛዡ እስኪመለስ ቆዩ። ያው መርከብ፣ ያው ሕዝብ፣ ያው ረሃብ ነው። ልዩነቱ አንዱ ጋ ሥራ መከፋፈልና ዘብ መቆም መኖሩ ነው። እልቂቱ የመጣው መርከቧና ሥርዓቷ ከተሰበሩ በኋላ መሆኑንም ልብ በሉ።

ወንበዴዎችን ካነሱ ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። በ1722 የተገደለው ባርቶሎሚው ሮበርትስ መርከቡ ላይ የተጻፈ ደንብ ነበረው። በትልልቅ ጉዳይ እያንዳንዱ ሰው ድምፅ አለው። ትኩስ ምግብ ለሁሉም እኩል ነው። ሽጉጡንና ጎራዴውን ሁሌ ንጹሕ አድርጎ መያዝ ግዴታ ነው። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል። እጁን ወይም እግሩን ያጣ ካሳ አለው። ውጊያ ላይ ጥሎ የሸሸ ይገደላል ወይም ሰው የሌለበት ደሴት ላይ ይጣላል። ይህን ደንብ ቃል ሳይቀይሩ ለማንኛውም የምጽዓት ዘመን መጠለያ ማስረከብ ይቻላል። ጨካኞች ነበሩ፣ አልክድም፤ ዘርፈዋል፣ ገድለዋል። ሥርዓት አልነበራቸውም ማለት ግን ስህተት ነው።

ቋንቋ አይግባቡም የሚለውን ቶሎ ልለፈው። መርከብ ላይ ሁሌም የብዙ አገር ሰው አለ። ማጄላን ከማላካ የመጣ ኤንሪኬ የሚባል አስተርጓሚ ይዞ ነበር የተጓዘው። በእጅ ምልክትና በአሥር ቃል መግባባት የዕለት ሥራቸው ነው።

የቀረው መደምደሚያቸው ነው፤ ዘመናዊ ወታደር ይሻላል የሚለው። ለመጀመሪያው ሳምንት እስማማለሁ። ከዚያ በኋላስ? የዛሬ የጦር መርከብ ነዳጅ ይፈልጋል፣ መለዋወጫው ከሩቅ ፋብሪካ ነው የሚመጣው፣ ጥይቱም እንዲሁ። በ1880 ኖርዌይ ውስጥ የተቆፈረችውን ጎክስታድን ተመልከቱ፦ 23 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 32 መቅዘፊያ፣ የኦክ እንጨትና ብረት። ሙሉ አካሏን ጫካ ውስጥ በመጥረቢያ መሥራት ይቻላል። በ1893 ልክ እሷን አስመስለው የሠሯት መርከብ ከበርገን ተነስታ በ28 ቀን ኒውፋውንድላንድ ደርሳለች። የቫይኪንጎች ሰፈር የተገኘው ያው ኒውፋውንድላንድ ላይ ነው፤ እዚያ በብረት መሣሪያ የተቆረጠው እንጨት በ1021 የተቆረጠ መሆኑ በ2021 ተረጋግጧል። ሸራው ቢቀደድ የሚሰፋ አለ፣ ቀፎው ቢያፈስ በቅጥራን የሚደፍን አለ፣ ብረቱን የሚቀጠቅጥ አለ። ጸሐፊው መልስ የሚጽፉ ከሆነ በዚህ ነጥብ ላይ ቢጽፉ ደስ ይለኛል፦ ነዳጁ ካለቀ፣ ፋብሪካው ከተዘጋ፣ ሙታኑም ባሕር ዳር ድረስ ከሞሉ በኋላ፣ በስድስተኛው ወር አሁንም መንቀሳቀስ የሚችለው የማን መርከብ ነው?